ቤቱን የሚያከራይ ሰው አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባው

ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር ከምግብና ከልብስ ቀጥሎ የሚያስፈልገው ማደሪያ ነው። ማደሪያም ሲባል ጥንቱን ለአንድ ቤተ ሰብ አንድ ጎጆ ማለት ነበረ፤ በከተማ ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። በከተማ አንዱ የሠራውን ቤት ሌላው ይኖርበታል፤ አንዱ በስሙ ካርታ ሲይዝበት ሌላው በውስጡ ልጆቹን ያሳድግበታል። ቤተ ሰቡ በዝቶበት ወደ ሰፊ ቤት የሚዛወር ሰው የቀድሞውን ጠባብ ቤት ማከራየቱም ዛሬ በአዲስ አበባ የተለመደ ነገር ሆኗል። ዳሩ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አከራይ የሚሆነው ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያስበው ስለሚያገኘው ገንዘብና ስለ ተከራዩ ጠባይ ብቻ ነው። ስለ ራሱ ጠባይ የሚያስብ ጥቂት ነው። እኛም ከነዚህ ጥቂቶች ወገን አልነበርንም። በዚህ ጽሑፍ የምንናገረው ከመጻሕፍት የተማርነውን ብቻ ሳይሆን ስተን የተማርነውንም ጭምር ስለ ሆነ፥ አንባቢ እንደ ተግሣጽ ሳይሆን እንደ ወንድም ወሬ አድርጎ ይቀበለን ዘንድ እንለምናለን።

አስቀድሞ ስለ ስሙ ጥቂት እንበል። በአማርኛችን ቤት ያለው ሰው ባለቤት ይባላል። ቃሉ ግን ሌላም ፍች አለው። ባል ሚስቱን፥ ሚስትም ባሏን ባለቤቴ ይላሉ፤ ይህን ሲሉ ካርታው በማን ስም እንደ ተጻፈ የሚጠይቅ የለም። በሰዋስውም ባለቤት የሚባለው ድርጊቱን የሚፈጽመው ነው። እንግዲህ እሳቱን የሚያነደው፥ ወለሉን የሚጠርገው፥ ሌሊት በሩን የሚቀረቅረው ተከራዩ ከሆነ፥ በሰዋስው ሕግ የዚያ ቤት ባለቤት ማን ነው? ይህን የምንጠይቀው ለጨዋታ ያህል አይደለም። አከራዩ የንብረቱ ባለቤት ነው፤ ተከራዩ የኑሮው ባለቤት ነው። እነዚህ ሁለት ባለቤትነቶች በአንድ ቤት ላይ ሲያርፉ ወሰናቸውን ያላወቀ አከራይ፥ ክፉ ሰው ባይሆን ስንኳ፥ የሰው ወሰን ሲገፋ ይኖራል።

ማከራየት በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም፤ ነገር ግን መካከሉ ላይ የተቋረጠ ልማድ ነው። በ1952 ዓ. ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ኪራይ ሰፊ ክፍል አለው፤ አከራይም ቤቱን ለታሰበለት አገልግሎት በሚበቃ ሁኔታ እንዲያስረክብ፥ ኪራዩም እስኪያልቅ ድረስ በዚያው ሁኔታ እንዲጠብቀው ያዝዛል። ከዚያ በኋላ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ. ም. የታወጀው አዋጅ ቍጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ ግለሰብም ቤት አከራይቶ እንዳይጠቀም ተከለከለ። ስለዚህ ለብዙ ዘመን አከራይ ሲባል ቀበሌ ወይም መንግሥት ማለት ሆነ። አባት ለልጁ ስለ እርሻ፥ ስለ ንግድ፥ ስለ ከብት እርባታ ሲነግረው ስለ ማከራየት ግን የሚነግረው አልነበረውም። ዛሬ በየሰፈሩ የምናየው አከራይ አባቱ ያላስተማረውን ሥራ የሚሠራ ሰው መሆኑን ማስታወስ ይገባል፤ ይህን የምንለው ጥፋቱን ለማቅለል አይደለም፤ ከየት እንደሚጀምር ለማሳየት ነው።

እኛ ራሳችን ተከራይ ሆነን ኖረናል። በ1987 ዓ. ም. ከቅኔ ቤት ወጥተን ወደ አዲስ አበባ ስንመጣ በአንድ ግቢ ጓሮ ከተሠሩት የሰርቪስ ክፍሎች አንዲቱን ተከራየን። የቤቱ እመቤት ደግ ሴት ነበሩ፤ በበዓል ጠላና ድፎ ዳቦ ሳይልኩልን አይቀሩም። ነገር ግን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን መብራቱን ከራሳቸው ቤት ሆነው ያጠፉት ነበር፤ የቀረውን ንባብ በጧፍ እንፈጽመው ነበር። ያን ጊዜ በጨለማ ተቀምጠን፥ እኛ አከራይ ብንሆን እንዲህ አናደርግም እንል ነበር። እንዲህ ማለት ቀላል ነው። በተማሪ ቤት ሳለንስ ጎጆውን ትቶ የሚሄደው ተማሪ ለሚመጣው ተማሪ ሲለቅለት፥ ዝናብ በየት በኩል እንደሚያስገባና ምሰሶውን ምስጥ ከወዴት እንደ ጀመረው አሳይቶት ይሄድ ነበር። ገንዘብ አይቀበልበትም፤ ግን ያሳየው ነበር። ይህን የተማሪ ልማድ ገንዘብ በተቀበልንበት ጊዜ ረሳነው።

በ2005 ዓ. ም. በዕጣ ከደረሰን፥ ሃያ ከመቶውን ከፍለን ሰማንያ ከመቶውን ከባንክ ተበድረን ከገባንበት ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ኖርን። ቤቱ በሦስተኛው ፎቅ ላይ ነው። ስንገባ አራት ነበርን፤ ስንወጣ ሰባት ሆነን ነበር፤ ይኸውም እኛና ባለቤታችን፥ አራት ልጆች፥ ዓይናቸው የደከመ አማታችንም ናቸው። ሌሊት ዳዊት ለመድገም መብራት ስናበራ ሕፃኑ ይነቃል፤ ልጆቹ የትምህርት ቤት ሥራቸውን በደረጃው ላይ ተቀምጠው ይሠሩ ነበር። በ2016 ዓ. ም. ባለቤታችን ከአባቷ ባገኘችው ውርስና በባንክ ብድር በከተማው ዳር አራት ክፍል ያለው ቤት ገዛን።

ለባንክ ወር በወር የምንከፍለው 12,000 ብር ሆነ። የቀድሞውን ቤት ለማከራየት ስናስብ ዋጋውን ያወጣነው ከዚሁ ቍጥር ነው። በዚያው ሕንጻ ተመሳሳይ ቤት በ9,000 ብር እንደሚከራይ እናውቅ ነበር፤ ቢሆንም 12,000 ብር ጠየቅን። ያን ጊዜ ነገሩ ትክክል መስሎን ነበር፤ አሮጌው ቤት አዲሱን ይሸከመው አልን። ነገር ግን አሮጌው ቤት በእግሩ ሄዶ የሚሠራ አገልጋይ አይደለም፤ የሚሸከመው በውስጡ የሚኖረው ሰው ነው። ቤቱ የሚያወጣውን ሳይሆን እኛ የጐደለንን ነው የጠየቅነው። ልጆቻችን በሰፊው ቤት ለየብቻ ይተኙ ዘንድ የሌላ ሰው ልጆች በጠባቡ ቤት ውስጥ ከእንጀራቸው እንዲቀንሱ ማድረግ መሆኑን ማን ይንገረን? ሰው ዕዳ ሲኖርበት ዓይኑ ወደ ራሱ ኪስ ብቻ ያያል። ዕዳ ያለበት አከራይ ከባለጠጋ አከራይ ይልቅ ጨካኝ ሊሆን እንደሚችል ያወቅነው ከራሳችን ነው።

ያከራየናት ሴት በሆስፒታል የምታገለግል ነርስ ናት። ባሏ በጅቡቲ መንገድ ከባድ መኪና የሚነዳ ነው፤ ሁለት ልጆችም አሏቸው። ቤቱ ለሥራዋና ለታላቅ ልጅዋ ትምህርት ቤት ቅርብ ስለ ሆነላት ዋጋውን እያወቀች ተቀበለችው።

ውሉን ስንዋዋል ደላላው ሁለት ነገር መከረን። አንደኛው የስድስት ወር ኪራይ በቅድሚያ እንድንቀበል ነበር። በዚያው በ2016 ዓ. ም. የወጣው የቤት ኪራይ ቍጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 1320 ግን ቅድሚያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ስለሚያዝዝ ይህን እንቢ አልን። ሁለተኛው ምክር የበለጠ ያታልላል። በጽሑፍ የሚመዘገበው ውል ላይ ዝቅ ያለ ዋጋ ጻፉ፥ የቀረውን በእጅ ተቀበሉ፤ ግብሩም ይቀንሳል፤ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው አለን። እውነቱን ለመናገር ወዲያው እንቢ አላልንም፤ እናስብበት ብለን ወደ ቤታችን ሄድን። ማታ ነገሩን ስንነግራት ባለቤታችን፥ “ከሁለቱ ወረቀት በዐውደ ምሕረት ቆመው የሚያነቡት የትኛውን ነው?” አለችን። ነገሩ በዚያው አበቃ፤ ውሉም አንድ ሆኖ በእውነተኛው ዋጋ ተጽፎ በወረዳው ጽሕፈት ቤት ተመዘገበ።

ይህ የሁለት ወረቀት ነገር በግብር ብቻ የሚያበቃ አይደለም። አንባቢ ልብ ይበል፤ በሐሰት ውል የታሠሩ አከራይና ተከራይ አንዱ ሌላውን ቢበድል ወደ ዳኛ ለመሄድ አይችሉም፤ ወረቀቱ በሁለቱም ላይ ይመሰክርባቸዋልና። ሁለቱም እርስ በርሳቸው የሚፈሩ የአንድ ምሥጢር እስረኞች ይሆናሉ፤ በዚህ ዓይነት ውል ውስጥ መጀመሪያ የሚጎዳውም ሁልጊዜ ደካማው ነው።

አዋጁ የኪራዩን ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ አድርጓል። አንዳንድ አከራዮች በዚህ ያጕረመርማሉ። እኛ ግን ስናነበው ወዲያው ያስታወስነው ቅዱስ ጳውሎስን ነው፤ በሮም በተከራየው ቤት ሁለት ዓመት ሙሉ ተቀምጦ የሚመጡትን ሁሉ ይቀበል እንደ ነበረ በሐዋርያት ሥራ መጨረሻ ተጽፏልና። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ይህን አስበው ነው አንልም። የዚያ ቤት አከራይ ማን እንደ ነበረ አልተጻፈም፤ ነገር ግን እስረኛ የሆነ ተከራይ፥ የሚጠብቀው ወታደር፥ ሲገባና ሲወጣ የሚውል ሕዝብ በቤቱ እያየ ሁለት ዓመት መታገሡን ስናስብ ስሙ ባይጻፍም እናመሰግነዋለን። ለሠራተኛ ሰው ሁለት ዓመት ማለት ልጆቹ ሁለት የትምህርት ዘመን ከአንድ ትምህርት ቤት ሳይነቀሉ ይማራሉ ማለት ነው።

ስለ ውልና ስለ ዋጋ ይህን ያህል ከተናገርን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ስለ በረንዳው መናገር አለብን።

የቤቱ በረንዳ ጠባብ ነው። ዙሪያውን የሚከልለው ብረት በአንድ በኩል ብየዳው ከግድግዳው ለቆ ነበር። መቼ እንደ ለቀቀ በትክክል አናስታውስም። በያጅ እንጠራለን እያልን ስንዘገይ ታላቁ ልጃችን በወፍራም ሽቦ አጥብቆ አሰረው። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ተረሳ፤ ተረሳ ማለት ግን አልታወቀም ማለት አይደለም። ሁላችንም እናውቀው ነበር። ልጆቹ ወደዚያ ጥግ አይጠጉም፤ አማታችንም ዓይናቸው ባያይ ስንኳ እጃቸውን ወደዚያ አይሰዱም፤ ልብስ የሚሰጣው በሌላው በኩል ነው። ኑሯችንን በጉድለቱ ልክ ስለ ቈረጥነው ጉድለቱ ጉድለት ሆኖ አይታየንም ነበር።

ዕቃ ስንጭን የልብስ ማስጫውን ገመድ ፈታን። ሽቦውም ከገመዱ ጋር አንድ ላይ ተቋጥሮ ስለ ነበረ አብሮ ተፈታ፤ ጠቅልለን ወደ አዲሱ ቤት ወሰድነው። ዛሬም በጓዳ ተቀምጧል።

ተከራያችን በሐምሌ ገባች። በኅዳር ወር 2017 ዓ. ም. አንድ ቀን ጠዋት ብርድ ልብስ አጥባ በዚያ ብረት ላይ ጣለችው። ውኃ የጠጣ ብርድ ልብስ ከባድ ነው። ብረቱ ከነብርድ ልብሱ ተገንጥሎ ከሦስተኛው ፎቅ ወደ ምድር ወደቀ። አምስት ዓመት ያልሞላው ትንሹ ልጅዋ የቀሚስዋን ጫፍ ይዞ ከአጠገብዋ ቆሞ ነበር። ከታች ያለው ሜዳ የሰፈሩ ልጆች የሚጫወቱበት ነው፤ ቀኑ የትምህርት ቀን ስለ ሆነ ባዶ ነበር። ማንም አልተጎዳም።

በስልክ ነገረችን፤ አልጮኸችም። “አባታችን፥ በያጅ እርስዎ ያመጡልኛል ወይስ እኔ ልፈልግ?” ነው ያለችው። ማታ ሄደን ክፍቱን በረንዳ ስናይ ጉልበታችን ራደ። እርስዋም ልጁን ወደ ውስጥ አስገብታ በሩን ከዘጋች በኋላ፥ “ያውቁት ኖሯል?” ብላ ጠየቀችን። እኛም፥ “የቈየ ብረት እንዲህ ነው፥ ልጄ” አልናት።

ይህ መልስ ውሸት አይደለም፤ የቈየ ብረት እውነትም እንዲህ ነው። ነገር ግን የተጠየቅነው ስለ ብረት ጠባይ አልነበረም። ለብዙ ዓመት ንስሐ የሚገቡ ሰዎችን ስንሰማ፥ እንዲህ ያለውን መልስ ከሌላ ሰው አፍ ብንሰማው ወዴት እንደሚሸሽ ወዲያው እናውቅበት ነበር። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም፤ ተነሥተን ኦሪት ዘሌዋውያንን ምዕራፍ ዐሥራ አራትን አወጣን።

በዚያ ምዕራፍ በቤት ግድግዳ ላይ ስለሚወጣ ደዌ የተሰጠ ሕግ አለ። ሥርዓቱ እንዲህ ነው። የቤቱ ጌታ ራሱ ወደ ካህኑ መጥቶ በቤቴ ደዌ የሚመስል ነገር ታየኝ ብሎ ይናገራል። ካህኑም ከመግባቱ በፊት በቤቱ ያለው ዕቃ ሁሉ እንዲወጣ ያዝዛል፤ ይኸውም ቤቱ ርኩስ ነው ሲባል ዕቃው አብሮ እንዳይረክስ ነው። ከዚያም ገብቶ ያያል፤ ሰባት ቀን ይዘጋዋል፤ ደዌው ሰፍቶ ከተገኘ ድንጋዮቹ ወጥተው ከከተማው ውጭ ይጣላሉ፥ ግድግዳው ይፋቃል፥ በሌላ ድንጋይ ተተክቶ በሌላ ጭቃ ይመረጋል። ዳግመኛ ከወጣበት ቤቱ ይፈርሳል።

ይህን ክፍል ለደቀ መዛሙርት ስንተረጕም ወደ ምሥጢሩ እንቸኩላለን። ቤት የተባለች ነፍስ ናት፥ ደዌ የተባለ ኃጢአት ነው እንላለን። ትርጓሜው ትክክል ነው፤ ንባቡ ግን አስቀድሞ የሚናገረው ስለ ግድግዳ ነው። የመናገሩንም ሸክም በማን ላይ እንደ ጣለው ያን ሌሊት አየነው። ጎረቤት ይናገር አላለም፤ ካህኑ እየዞረ ይፈልግ አላለም፤ የቤቱ ጌታ ራሱ መጥቶ ይናገር አለ። ደግሞም እርግጠኛ እስኪሆን ይቈይ አላለም፤ የሚመስል ነገር ማየቱ ይበቃል። ስንት ጊዜ ያስተማርነው ምዕራፍ ነው! የቤቱ ጌታም ካህኑም እኛው ስንሆን ግን ለማን እንናገር? ዝም አልን።

በኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ ሃያ ሁለት ያለው ደግሞ ከዚህ ይልቅ ቅርብ ነው። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከዚያ ሰው ወድቆ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን በጣራው ዙሪያ መከታ ያድርግ ይላል። በእስራኤል አገር ጣራው ሜዳ ነው፤ ሰው ይወጣበታል። ረዓብ የተልባ እግር አስጥታበት ነበር፤ ሳሙኤል ከሳኦል ጋር ተነጋግሮበታል፤ ቅዱስ ጴጥሮስም በቀን ስድስት ሰዓት ሊጸልይ የወጣው በጣራ ላይ ነው። እንግዲህ ያ ጣራ በዛሬው ሕንጻ በረንዳ ማለት ነው፤ ልብስ የምናሰጣበት፥ ነፋስ የምንቀበልበት። ሕጉ የሚወድቀው ሰው የቤቱ ልጅ ይሁን እንግዳ፥ የከፈለ ይሁን ያልከፈለ አይለይም። የምንወደው የገዛ ልጃችን በሽቦ የታሰረውን ብረት ያውቀዋል፤ እንግዳው ልጅ አያውቀውም። ስለዚህ መከታው ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ለእንግዳው ነው።

በራሳችን ላይ የታገሥነው ጉድለት ለሌላ ሰው በገንዘብ ሲሰጥ ትዕግሥት መሆኑ ይቀራል። ሰባት ሆነን በአንድ መኝታ ቤት ስንኖር፥ ውኃው ሲቋረጥ፥ በሩ ሲጣበቅ፥ ብረቱ ሲላቀቅ ቻልነው፤ መቻላችንም እንደ ምግባር ይቈጠርልን ይሆናል። ያንኑ ቤት ከነጉድለቱ ዋጋ ተቀብለን ስንሰጥ ግን የምንሸጠው ያን ትዕግሥት ነው፤ የሚታገሠው ሌላ፥ የሚከፈለው ለኛ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያከራይ ሰው ከሁሉ አብልጦ የሚስተው በዚህ ይመስለናል። ክፉ ስለ ሆነ አይደለም። ቤቱን እጅግ ስለሚያውቀው ማየት ስለ ተወ ነው።

በማግሥቱ በያጁን ይዘን ሄድን፤ ሽቦውን ሳንሸሽግ ሁሉን ነገርናት። ብዙ ጊዜ ዝም ብላ ቈየች። በኋላም፥ “ከመግባቴ በፊት ቢነግሩኝ ኖሮ እኔው አሠራው ነበር” አለች። ሌላ የተናገረችው የለም።

ከዚያ በኋላ ኪራዩ በሕንጻው እንዳሉት ቤቶች 9,000 ብር እንዲሆን ውሉን አሻሽለን አስመዘገብን። ይህን የሰሙ አንድ ወዳጃችን ምጽዋት አደረጋችሁ አሉን። አይደለም። ከሚገባው በላይ የወሰዱትን መተው ምጽዋት አይባልም፤ ብየዳውንም በገንዘባችን ማሠራታችን ቸርነት አይደለም። የጐደለው ሦስት ሺሕ ብር ግን ከአንድ ቦታ መምጣት ነበረበትና፥ በአዲሱ ቤት ለመጻሕፍቶቻችን ልናሠራው የነበረው መደርደሪያ ቀረ። መጻሕፍቱ እስከ ዛሬ በሣጥን ናቸው፤ አንድ መጽሐፍ ስንፈልግ ሦስት ሣጥን እንገለብጣለን።

በአንድ ምሽት ከባለቤታችንና ከልጆቻችን ጋር ተቀምጠን ስለዚያ ቤት የምናውቀውን ሁሉ ጻፍን። ውኃው ወደ ሦስተኛው ፎቅ የሚወጣው ሌሊት ብቻ ስለ ሆነ በርሜሉ ሌሊት መሞላት እንዳለበት፤ የእንጀራው ምጣድና ምድጃው አንድ ላይ ሲለኰሱ መብራቱ እንደሚጠፋ፤ የመታጠቢያ ቤቱ በር ወደ ላይ ካልተነሣ እንደማይከፈት፤ በክረምት ነፋስ ሲኖር በመኝታ ቤቱ መስኮት ሥር ውኃ እንደሚገባና እዚያ አልጋ እንደማይደረግ፤ የወጥ ቤቱ ፍሳሽ ምን ሲሆን እንደሚዘጋ። ይህን የመጨረሻውን ባለቤታችን እንጂ እኛ አናውቀውም ነበር፤ ልጆቹም እኛ ሁለታችን የማናውቀውን ሦስት ነገር ነገሩን። ሁለት ገጽ ሞላ። አሥራ አንድ ዓመት በደኅና ቤት የኖርን ይመስለን ነበር! ከዚህ ውስጥ የሚጠገነውን አስጠገንን፤ የማይጠገነውን፥ ይኸውም የውኃውን ነገር፥ ጽፈን ሰጠናት። ቤቱን ሊያከራይ ያሰበ ሰው ይህን ወረቀት ደላላ ከመጥራቱ በፊት ቢጽፈው መልካም ነው፤ ዋጋውንም ከወረቀቱ በኋላ ቢያወጣው። ሲያስረክብም ከተከራዩ ጋር ከክፍል ወደ ክፍል እየዞረ ያሳይ፤ ሁለቱም ይፈርሙበት። ተከራዩም የሰበረውን መስተዋት መተካት፥ ኪራዩንም በቀኑ መክፈል ግዴታው ነው፤ ይህን ማንም አከራይ ስለማይረሳው አናስረዝመውም። የኛይቱ ተከራይ የባሏ ደመወዝ ከጅቡቲ ሲመለስ ስለሆነ የሚገኘው፥ ከወር መጀመሪያ ይልቅ በዐሥረኛው ቀን በባንክ እንድትከፍል ተስማምተናል፤ እስከ ዛሬ አላሳለፈችም።

አንድ ነገር ቀርቶናል፤ የቍልፍ ነገር ነው። ስንወጣ ሁለተኛውን ቍልፍ ይዘን ወጥተን ነበር፤ በመኝታ ቤቱ ቁም ሣጥን ላይም ወደ አዲሱ ቤት ያልደረሱ ሁለት ሣጥኖች ትተን ነበር። በመስከረም ወር አንድ ቀን እርስዋ ሥራ ሳለች ገብተን አንዱን ሣጥን አወጣን። ቤታችን ነውና ምንም አልመሰለንም። ምሽት ስትገባ ቁም ሣጥኑ ተነክቶ አይታ ሌባ የገባ መስሏት ጎረቤት ጠርታ እንደ ነበረ የሰማነው ስለ በረንዳው በተነጋገርንበት ቀን ነው። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ ሃያ አራት፥ አበዳሪ መያዣውን ሊቀበል ወደ ተበዳሪው ቤት እንዳይገባ፥ በውጭ እንዲቆም፥ ተበዳሪውም ራሱ ይዞለት እንዲወጣ ያዝዛል። መብት ያለው ሰው ስንኳ በድሀ ደጃፍ ላይ እንዲቆም ያደረገ ሕግ ነው። አከራይም እንዲሁ ነው፤ ንብረቱ የእርሱ ቢሆንም ደጃፉ የተከራዩ ነው። የቀረውን ሣጥን እርስዋ ባለችበት አወጣን፤ ሁለተኛውንም ቍልፍ ሰጠናት። ለእሳት ወይም ለውኃ አደጋ ያስፈልጋል የሚል ቢኖር፥ በስምምነት ጎረቤት ዘንድ ይቀመጥ።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ተናግረን እንፈጽም። ተከራያችን በሐምሌ ስትገባ እኛ በሩ ላይ ቆመን ገንዘብ ስንቈጥር፥ ሰው አዲስ ቤት ሲገባ የሚባለውን ቤት ለእምቦሳ እንኳ አላልናትም ነበር፤ ቤቱ ለኛ አሮጌ ስለ ነበረ ለእርስዋ አዲስ መሆኑ አልታሰበንም። በ2017 ዓ. ም. በትንሣኤ በዓል ሳምንት ግን እርስዋ ልጆችዋን ይዛ፥ ድፎ ዳቦ ተሸክማ ወደ አዲሱ ቤታችን መጣች። ደጃፍ ላይ ቆማ “ቤት ለእምቦሳ!” አለች። ባለቤታችንም “እምቦሳ እሰሩ!” ብላ ተቀበለቻት። እንግዶቹ ተቀምጠው ዳቦው ሲቈረስ ትንሹ ልጅ ከመካከላችን ጠፋ። ፈልገን ስንወጣ በረንዳችን ላይ አገኘነው፤ የመከታውን ብረት በሁለት እጁ ይዞ ከዚህኛው ጫፍ እስከዚያኛው ጫፍ እየሄደ በኀይል ይነቀንቀዋል። እናቱ አፍራ ልትከለክለው ተነሣች፤ እኛ ግን ተይው፥ ይጨርስ አልናት።